የአምስት ቁጥር ካርድ

ሰኞ። ቀን 1።

ይሄ ደብተር የእህቴ ልጅ ሒሳብ ጀምራበት የተወችው ነው። ሦስት ገጽ መደመር አለበት፣ ከዛ በኋላ ያለው የኔ ነው። አጻጻፌ አያምርም፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ግን ማንም አያየውም፣ ምን ቸገረኝ።

የጀመርኩት በአውቶብሱ ሬዲዮ ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት ሹፌሩ የሚከፍተው አንድ ሰውዬ አለ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሰው እንዴት ራሱን እንደሚለውጥ የሚያወራ። ዛሬ ምን አለ፣ አንድ ነገር አርባ ቀን ሳታቋርጥ ከሠራህ ያንተ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ ሳታስበው እጅህ ራሱ ይሠራዋል አለ። አንድ ቀን ካቋረጥክ ግን ከአንድ ጀምር። እኔ ቆሜ ነበር የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ፣ ይሄ ሰውዬ ለኔ ነው የሚያወራው አልኩ።

ምክንያቱም እህቴ ትናንት ተናግራኛለች። ሳህን እያጠበች፣ ዞር እንኳን ሳትል፣ ይሄም ሥራ ከሄደ አባባ ቤት ትመለሻለሽ አለችኝ። በአንድ ዓመት ሦስተኛ ሥራዬ ነው። ከዳቦ ቤቱ በማርፈድ ነው ያባረሩኝ፣ ከቢሮ ጽዳቱ ደግሞ ውሃ ከፍቼ ሄጄ። እህቴ ክፉ አይደለችም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ እኔ ሳሎን ወለሉ ላይ ነው የምተኛው፣ ባሏ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ እግሬን ይረግጠዋል። ግን አባባ ቤት አልመለስም። ስለ አባባ ቤት እዚህ አልጽፍም። ሥራ ቦታ መተኮሻ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሲሞቅ ሁሉም እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ እኔ አልሰበስብም፣ ይሄ ይበቃል።

ስለዚህ አምስት ነገር። ስልኩ አንዴ ሲጮህ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት። ሰው ሳይነሳ ፍራሼን አጥፌ ሶፋው ጀርባ ማስገባት። በቀን አንድ ገጽ ጮክ ብዬ ማንበብ። ቀስ ብዬ መናገር፣ ከጀመርኩ ስለማልቆም ሥራ ቦታ ባቡር ነው የሚሉኝ። አምስተኛው ካርዱን መገልበጥ፣ ዋናውም እሱ ነው፣ እሑድ ሥራ ስለሌለ አራቱ ይበቃሉ።

ካርዱ እንዲህ ነው። የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፣ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ እንተኩሳለን። ስምንት ካውያ አለ፣ በሩ አጠገብ ሰሌዳ ላይ ስምንት ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ቁጥር ያለው ካርድ። ካውያሽን ስትሰኪ ቀዩን ታዞሪያለሽ፣ ሶኬቱን ነቅለሽ ስትወጪ አረንጓዴውን። የኔ አምስት ቁጥር ነው። ማታ የሚዘጉት እትዬ ቁልፍ ሰሌዳውን አይተው፣ ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን ይዘጋሉ። ይሄን ያወጣው ኃላፊው ነው፣ ለእንግዳ ሁሉ ያሳየዋል። እኔ ሁለት ጊዜ ሳልገለብጥ ሄጃለሁ። ሦስተኛ የለም ብሎኛል።

ማክሰኞ። ቀን 2።

አምስቱም ሆኑ። ፍራሹ ሶፋው ጀርባ አልገባም ብሎ በጉልበቴ ገፋሁት። ያነበብኩት ስለ ጥንቸል ነው፣ የእህቴ ልጅ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ። አልጋዋ ላይ ሆና ታርመኛለች። ታርመኝ።

ሐሙስ። ቀን 1። እንደገና።

ሁለት ቀን። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቻልኩት። ትናንት ስልኩ ጮኸ፣ ዘጋሁት፣ አንዴ ጎኔን ላሳርፍ አልኩ፣ ስነቃ አንድ ሰዓት ተኩል። ረፍዶ ገባሁ። ማታ ደግሞ ካርዱን ቀይ ትቼው ወጣሁ፣ አውቶብስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ትዝ ያለኝ፣ መንገዱን ሙሉ ጥፍሬን በላሁት። ግን እትዬ ቁልፍ ለኃላፊው አልነገሩም። በዛ በሚያማቸው ጉልበት ተመልሰው ሄደው፣ ሶኬቱ መነቀሉን በእጃቸው አይተው፣ ካርዱን ገልብጠውልኛል። ዛሬ ሲመጡ ሴቶቹ ፊት «ባቡር፣ ፉርጎሽን ጥለሽ ሄደሻል» ብቻ አሉኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ቤት ስገባ የእህቴ ባል ለእህቴ እንዲህ ሲል ሰማሁ፣ ይቺ ልጅ የጀመረችውን ስትጨርስ አይቼ አላውቅም፣ ሻይዋን እንኳን አትጨርስም። እውነቱን ነው። ሄጄ ጠዋት የተውኩትን ሻይ ቀዝቅዞ እያለ እስከ አተላው ጠጣሁት። ከዛ ሆዴን አመመኝ።

ቅዳሜ። ቀን 1። ይሄ የመጨረሻው አንድ ነው።

ትናንትም አበላሸሁ፣ ማንበቡን ረሳሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ እኔ ላይ ነገር አይጸናም። ሌላው ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ቆጥሮ ነው እንዴ።

ግን ዛሬ ሰውዬው ጥሩ ነገር ተናገረ። አዲሱን ልማድ ድሮ ከምትሠራው ነገር ጋር እሰረው አለ። ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ቅርጫቱ በሩ አጠገብ ነው ያለው፣ የመጨረሻውን አንሶላ ላመጣ ስሄድ ሁሌ በካርዶቹ ስር ነው የማልፈው። ስለዚህ አንሶላውን ሳነሳ በዛው ካርዱን ልገልብጠው። ከዛ ተኩሼ፣ አጥፌ፣ ሶኬቱን ነቅዬ መውጣት ነው። አንድ አንሶላ ምን አላት፣ ሁለት ደቂቃ። ሶኬት መንቀሉን እንደሆነ አልረሳም፣ እሱን ማንም አይረሳም።

ሞከርኩት። ሠራ። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ።

ረቡዕ። ቀን 5።

አምስት ቀን፣ አንዴም ሳይቋረጥ። ኃላፊው በሰሌዳው በኩል አልፎ አምስት ቁጥርን አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

እትዬ ቁልፍ ከመዝጋታቸው በፊት ስምንቱንም ሶኬት በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚዞሩት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ፣ ጮክ ብለው። ካርድ ከመጣም በኋላ አልተዉትም። ኃላፊው ካርዱን አላመኑትም እንዴ እያለ ያሾፍባቸዋል። ዛሬ ጉልበታቸው አብጦ፣ ሲራመዱ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየሁ። ወንበር አምጥቼ በሩ ጋ አደረግኩላቸው። እትዬ እዚህ ይቀመጡ፣ ካርዱን ማየት ነው እኮ፣ ምን ያንከራትትዎታል አልኳቸው። እምቢ አሉ፣ ከዛ ተቀመጡ። ተባረኪ አሉኝ።

ዛሬ ጥሩ ሰው ሆንኩ መሰለኝ።

ማክሰኞ። ቀን 11።

ምሳ ሰዓት ነው፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ዝም ብሎ እየሄደ ነው። ዛሬ ከስልኩ በፊት ነቃሁ። እህቴ ወጥ ቤት ቆሜ ስታገኘኝ ደነገጠች፣ አመመሽ እንዴ አለችኝ። ልጇ ደግሞ ሁለት ስህተት ብቻ ነው ያገኘችብኝ።

እትዬ ቁልፍ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ልጅ አወሩኝ። ዓመት ከመንፈቋ ነው፣ ልጃቸው ጠዋት ሥራ ሄዳ እስክትመለስ፣ እስከ አራት ሰዓት እሳቸው ናቸው የሚይዟት፣ ወተቷን አሙቀው፣ አጥበው፣ አስተኝተው ነው የሚመጡት። ካለኔ እጅ ወተት አትጠጣም አሉ፣ ኮሩ እንጂ አላማረሩም። ስቀልድ እኔንም ይያዙኝ አልኳቸው። «አንቺንማ ማን ይይዝሻል፣ ፍሬን የለሽ» አሉኝ።

ከወንበሩ ጋር ተላምደዋል። ከእንግዲህ አይዞሩም።

ሰኞ። ቀን 17።

አውቶብስ ላይ ነኝ፣ ጽሑፌ የተንጋደደው ስለሚንገጫገጭ ነው። ሁሉም ሆነ። ስድስት ቁጥር ላይ የምትሠራው ዝምተኛዋ ልጅ አሟት ቀረች የሷንም ቅርጫት ለኔ ሰጡኝ፣ የመውጫው ደወል ሲደወል ገና አንድ አንሶላ ይቀረኛል፣ ግን ካርዱን ገልብጫለሁ ጎበዝ እኔ። ጨርሼ የታጠፈውን ክምር በአንድ እጅ ቦርሳና ጃኬቴን በአንድ እጅ፣ ክምሩን በሩ ጋ መደርደሪያው ላይ ወርውሬ እትዬን ደህና ይደሩ ብዬ ሮጥኩ። አውቶብሱ ሊነሳ ሲል ደረስኩበት። ባቡር አውቶብስ ያዘች።

ማክሰኞ። ቀን 18።

ተቃጥሏል።

ጠዋት ስደርስ ሰው ሁሉ ውጭ ነው። ጭሱ አልወጣም ገና። የኔና የዝምተኛዋ ጠረጴዛ የለም፣ ብረቱ ብቻ ነው የቆመው፣ ሁለቱ ካውያዎች ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ሌሊት ዘበኛው ነው ያጠፋው፣ የበሩን እጀታ ሲይዝ መዳፉ ተልጧል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆሟል። የሆስፒታሉ አንሶላ ክምር በሙሉ አመድ ሆኗል። ሰሌዳው በሩ ጋ ስለሆነ አልተነካም። ስምንቱም አረንጓዴ።

ኃላፊው ሰሌዳው ፊት ረጅም ሰዓት ቆመ። ካርድ አይዋሽም አለ፣ ሁሉም ነቅሎ ወጥቷል፣ ከዛ በኋላ የሰካ ሰው አለ አለ። ሁሉም ወደ እትዬ ቁልፍ ዞረ። እሳቸው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።

እኔ ነቅያለሁ። ሁሌ ነው የምነቅለው። ዛሬም ተነስቻለሁ፣ ፍራሽ አጥፌያለሁ፣ ገጽ አንብቤያለሁ። 18።

ረቡዕ። ቀን 19።

አንድ በአንድ ቢሮ አስገባን። እኔን ካርድሽን ገልብጠሻል ወይ ነው ያለኝ። ገልብጫለሁ አልኩ። ሌላ አልጠየቀኝም። ሌላ አልጠየቀኝም እኮ። አየሽ፣ ሰው ከፈለገ ይለወጣል አለኝ፣ ትከሻዬን ቸብ አደረገው።

እትዬ ቁልፍ ሁሉም ከወጣ በኋላ አንዳንዴ የራስ ሻሻቸውን ይተኩሳሉ፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ኃላፊውም ያውቃል፣ በባዶ ካውያ ነው ማንንም አይጎዳም። ሰኞ ደግሞ ስድስት ቁጥር ባዶ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማን። ሰኞ ተኩሰዋል ወይ አላቸው። ቅዳሜ ነው የተኮስኩት መሰለኝ አሉ። «መሰለኝ?» አላቸው። ከዛ እንጃ ልጄ፣ እድሜ ነው፣ ረስቼ ይሆናል አሉ።

የላውንደሪው ባለቤት ከሄደበት እስኪመለስ ቤታቸው እንዲቆዩ ተባለ። ሦስት ሳምንት። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፣ አላየኋቸውም፣ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር።

ዓርብ። ቀን 21።

ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። ለኔ። ከእንግዲህ የምትዘጊው አንቺ ነሽ፣ ሥራሽም ቋሚ ነው አለ፣ ሁሉም ፊት፣ ካርዷን አንድ ቀን ሳትስት የገለበጠች እሷ ናት አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ለእህቴ ነገርኳት። ሳህኑን አስቀምጣ ዞረች፣ ያኔ ሳትዞር እንዳልተናገረችኝ አሁን ዞረች፣ አቀፈችኝ። እኔ እኮ አውቅ ነበር አለች። ባሏ እንኳን ማታ በኔ ላይ ተሻግሮ ነው ያለፈው፣ ሳይረግጠኝ።

21። ሁሉም ሆነ።

ሰኞ። ቀን 24።

ሶኬቶቹን ሦስት ሦስት ጊዜ እዳስሳለሁ። ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ሦስት ቁጥርን ዳስሻለሁ ወይ እላለሁ፣ ተመልሼ እከፍታለሁ። ዛሬ ሁለት አውቶብስ አመለጠኝ። ቤት ስገባ ደግሞ የእህቴን ካውያ ሶኬት፣ የምድጃውን፣ የቲቪውን። የእህቴ ባል መብራት ኃይል ቀጠረሽ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ተነስቼ ደግሜ አየሁት።

ሰውዬው ዛሬ በሬዲዮ ሃያ ቀን ያለፈ ሰው ግማሹን ተራራ ወጥቷል አለ። ሹፌሩን ዝጋው ልለው ነበር።

ሐሙስ። ቀን 27።

ዝምተኛዋ ልጅ ተናገረች። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፣ አንሶላውን በሁለት በኩል ይዘን ስናጥፍ ነው። የምትኖረው ከእትዬ ቁልፍ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነው። ልጃቸው ምድጃውን ወስዳባቸዋለች አለች። እማዬ ሰኞ የሠራሽውን ካላስታወስሽ ቤትም ታቃጥያለሽ ብላ። ሕፃኗንም ጎረቤት ጋ ነው የምታውላት። እትዬ ቁልፍ አልተከራከሩም። ጣታቸው ላይ ክር ያስራሉ፣ ከዛ ክሩን ለምን እንዳሰሩት ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ በልቻለሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ በሩን ዘግቼ ነው የወጣሁት ወይ ይላሉ። ሕፃኗ ደግሞ ጎረቤት ቤት ወተት እምቢ ብላ ታለቅሳለች፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማቸዋል።

«ባለፈው ወር እኮ የስምንታችንንም የልደት ቀን ያውቁ ነበር» አለችኝ።

አንሶላው ከእጄ አምልጦ መሬት ነካ። እንደገና መታጠብ አለበት።

27። ገጽ አንብቤያለሁ ግን ምን እንደነበር አላስታውስም።

እሑድ። ቀን 30።

ቤት ሰው የለም። ስንት ቀን እንደሠራሁ ልይ ብዬ ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ጮክ ብዬ፣ ለዛሬ ገጽ ይሆነኛል ብዬ።

ሰኞ። ቀን 17። የታጠፈውን ክምር በአንድ እጅ፣ ቦርሳና ጃኬቴን በአንድ እጅ።

ደግሜ አነበብኩት። ተነስቼ ሠራሁት፣ ሶፋው ላይ ትራስ ከምሬ በአንድ እጅ፣ ቦርሳዬን በሌላው፣ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ሄድኩ። አራት ጊዜ። ሶኬት የሚነቅል ሦስተኛ እጅ የለኝም።

ካርዱ ተገልብጦ ነበር። ካርዱ ስለተገለበጠ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። እጄ ራሱ ሠራው፣ ሰውዬው እንዳለው።

ገጹን ልቀደው ጀመርኩ። እስከ ግማሽ ቀደድኩት። ከዛ የእህቴ ልጅ በሩን አንኳኳች፣ ትራሱ ስር ከተትኩት።

ረቡዕ። ቀን 33።

ለኃላፊው ልነግረው ነበር። በሩን አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ጋሼ አንድ ነገር አልኩ። ቀስ ብለሽ አለኝ፣ ሳቀ። ባለቤቱ ሰኞ ይገባል፣ የአሮጊቷ ነገር ያን ቀን ያልቃል፣ ያሳዝናል ግን ለሳቸውም እረፍት ነው አለ። ከዛ ስልክ ተደወለለት፣ በእጁ ጠብቂ አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ባወራ ማታ እህቴ ሳህን ታጥባለች፣ አትዞርም። ቅዳሜ አባባ ይመጣል ሊወስደኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀበቶውን ከፍ ሲያደርግ ታየኝ። ስልኩን ሳይጨርስ ወጣሁ።

ኋላ ምን ነበር ሲለኝ ሳሙና አልቋል አልኩ። ሳሙና።

33። ውሸታም ሠላሳ ሦስት።

እሑድ።

ሠላሳ ሰባት አልጽፍም።

ዛሬ ሄድኩ። ደብተሩን ይዤ፣ በእግሬ፣ አውቶብስ ከያዝኩ ሬዲዮውን እሰማለሁ ብዬ። ልጃቸው ከፈተችልኝ፣ ሕፃኗን አዝላለች። እትዬ ቁልፍ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። በሦስት ሳምንት ሰው እንዲህ ያንሳል እንዴ። ጣታቸው ላይ ሦስት ክር አለ። አዩኝና ደስ አላቸው፣ ባቡር መጣች አሉ፣ ከዛ ግን ወደ ልጃቸው ዞረው ይቺ አምስት ቁጥር ናት አይደለችም እንዴ ብለው ጠየቁ። እንዳልተሳሳቱ ሊያረጋግጡ። እኔን።

ስንት ቀን የተለማመድኩት ቀስ ብሎ መናገር የት እንደገባ እንጃ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ ወጣ፣ ማንም አልገባውም። ልጃቸው ምን እያልሽ ነው አለችኝ። ደብተሩን ግማሹ የተቀደደው ገጽ ላይ ገልጬ ሰጠኋት።

ቆማ አነበበችው። ጮክ ብላ። ጎበዝ እኔ የሚለውን ሳይቀር። ባቡር አውቶብስ ያዘች የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ። ገጹን ወደ ኋላ ገልብጣ ወንበር ስላመጣሁበት ቀን አነበበች፣ ወደ ፊት ገልብጣ ስለ ቁልፉ አነበበች። ሕፃኗ ፀጉሯን ትጎትታለች፣ አልተሰማትም።

እትዬ ቁልፍ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሶኬቱን አልነቀልሽም?»

«አልነቀልኩም እትዬ።»

«መሰለኝ ነው ወይስ እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ቅዳሜ ነው ሻሼን የተኮስኩት» አሉ። ለኔ አይደለም፣ ለልጃቸውም አይደለም። «ቅዳሜ ነው። ብዬ ነበር።»

ክሮቹን አንድ በአንድ ከጣታቸው ፈቱ። አንዱ ጠብቆ ነበር፣ በጥርሳቸው በጠሱት። ተነሱ፣ ልጃቸው ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ምድጃዬ የት ነው አሉ። ከአልጋዋ ስር አወጣችው። ሰኩት፣ ወተት ጣዱ፣ ወተቱ እስኪሞቅ አጠገቡ ቆሙ። ነቀሉት። ሕፃኗ ከእጃቸው ጠጣች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ይቅርታ አልኩ፣ ብዙ ጊዜ። ስወጣ ብቻ፣ ሳያዩኝ፣ እንዲህ አሉኝ።

«መቃጠሉስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል። ራሴን እንዳላምን ግን ሃያ ቀን እያየሽ ዝም አልሽኝ።»

ልጃቸው በሩን በላዬ ዘጋችው። ትዝጋው።

ሰኞ።

ባለቤቱም ኃላፊውም ነበሩ። ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ገረመኝ። ኃላፊው ለምን ሳትነቅዪ ገለበጥሽ አለኝ። ልማድ ስለሆነ አልኩ። ቀጥሎ ስምንቱ ሴቶች ተጠየቁ፣ ከስምንታችን ስድስታችን ቀድመን ነው የምንገለብጠው። ለካ ሁላችንም እንቸኩላለን። ባለቤቱ ካርዶቹ ከምስማሩ ይነሱ አለ። ኃላፊው ፊቱ ቀላ። እኔን በዛው አሰናበቱኝ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እህቴ ሳህን እያጠበች ነበር። ነገርኳት። አልዞረችም። የምታጥበውን አንድ ሳህን ደጋግማ አጠበችው። ባሏ አፉን ሲከፍት አንተ ዝም በል አለችው። ከዛ መብራት አጥፍታ ገባች።

አባባ ቅዳሜ ይመጣ ይሆናል።

ማክሰኞ።

ስልኩን አልሞላሁትም፣ ምን ላደርግ እነሳለሁ ብዬ። የሆነ ነገር እግሬን ነካኝ፣ የእህቴ ባል መሰለኝ። እህቴ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«ተነሺ» አለችኝ። «ሥራ የሚፈልግ ሰው እስካሁን አይተኛም።»

ለአባባ አልደወለችም። አልጠየቅኳትም፣ ግን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች፣ እንዳይ ነው መሰለኝ። አየሁት። አልደወለችም። ፍራሹን አጠፍኩ።

ሐሙስ። ቀን 1።

መተኮሻ ክፍሉ የቀረ ነጠላ ጫማዬንና ውሃ መጠጫዬን ላመጣ ሄድኩ። ሴቶቹን ላለማግኘት ብዬ መዝጊያ ሰዓት ላይ ደረስኩ። እትዬ ቁልፍ ተመልሰዋል። ወንበሩ በሩ ጋ የለም። ምስማሮቹ ባዶ ናቸው።

እየዞሩ ነበር፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፣ አልገባሁም። አዲሱ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አምስት» አሉ። እጃቸውን ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርገው አቆዩበት። ከዛ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።

ዕቃዬን አውጥተው ሰጡኝ። ቆለፉ። አብረሽኝ ነይ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም፣ ወደ ፌርማታው መራመድ ጀመሩ። አጠገባቸው ሄድኩ፣ በሳቸው ጉልበት ልክ። አውቶብሱ ቆሞ ነበር፣ ከሩቅ ይታያል፣ ሹፌሩ በሩን ሲዘጋም አየሁት።

አልሮጥኩም።